አንቀጽ 102 ማንንም ጠቅልሎ አላስገባም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው ለትዳር ተቆርቁረው የጻፉት ነው። ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ሳይጋቡ አብረው ለሚኖሩ ሰዎች ዕውቅና ሰጥቶ ትዳርን አርክሷል። ነገሩ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው። ወጣቱን ከጋብቻ ያሸሻል። ቤት ላለው ሰው ወጥመድ ነው። ውሽማን ከሕግ ሚስት እኩል ያደርጋል። ያላገባችውን ሴት ወራሽ ያደርጋታል። በዚያ ላይ ማስረጃው ምስክር ስለሆነ፣ ምስክር ደግሞ ስለሚገዛ፣ ለአጭበርባሪ የተመቸ ነው። ስለዚህ አንቀጽ 102 ይሰረዝ።

ጠበቃ አይደለሁም። ልደታ አካባቢ አንድ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ክስና መልስ ስጽፍ ግን ዓመታት አሳልፌያለሁ። የባልና ሚስት ክርክር በብዛት በእጄ አልፏል። "ኧረ እኔ ሚስት የለኝም" የተባለበት ክርክርም ከዚያ አያንስም። የጸሐፊውን ነጥቦች እዚያ ካየሁት ጋር እያስተያየሁ ልመልስ። ልክ የሆኑበት ቦታ አለ፤ እሱንም አልደብቅም።

በቅድሚያ ሕጉ ራሱ ምን እንደሚል እንይ። ጸሐፊው አንቀጹ ይሰረዝ አሉ እንጂ ምን እንደሚል አልነገሩንም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 98 የሚናገረው ሕጋዊ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው ስለሚኖሩ ወንድና ሴት ነው። ቁም ነገሩ "እንደ ባልና ሚስት" የሚለው ላይ ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 99 ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ደጋግመው፣ ያውም አገር እያወቀው፣ ግንኙነት ማድረጋቸው ብቻውን በቂ አይደለም ይላል። ኑሯቸው የባለትዳር ኑሮ መምሰል አለበት። አንድ ጎጆ፣ አንድ መሶብ። አንቀጽ 102 ወደ ንብረት ይመጣል። ኑሮው ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከሆነ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተፈራው ሀብት የጋራ ነው። ይሄ እንግዲህ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ ሕግ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው።

አሁን ወደ "ከፈረንጅ የተቀዳ" ልምጣ። ይሄ ነጥብ መጀመሪያ አሳቀኝ፣ ከዚያ አሳዘነኝ።

ሳይጋቡ አብሮ መኖር በሕጋችን የተጻፈው በ1992 አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 708 ጀምሮ ስለዚሁ ጉዳይ ተራ በተራ ደንግጓል። ያን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። "ይኸው ፈረንጅ!" ሊባል ይችላል። ግን የሳቸው አገር ፈረንሳይ ይህን ኑሮ ተርጉማ በፍትሐ ብሔር ሕጓ ውስጥ ያስገባችው መቼ ነው? በእነሱ አቆጣጠር 1999 ዓ.ም. ነው። የኛ ሕግ በእነሱ አቆጣጠር የ1960 ነው። ወደ አርባ ዓመት ቀድመናቸዋል። እንግሊዝና ዌልስን ይውሰዱ። እዚያ ሁለት ሰዎች ሃያ ዓመት ሳይጋቡ አብረው ቢኖሩ፣ ሲለያዩ እንደ ባልና ሚስት ንብረት የሚያካፍላቸው የቤተሰብ ሕግ እስከ ዛሬ የለም። ታዲያ ከማን ነው የቀዳነው?

ከገዛ ሠፈራችን ነው። ጸሐፊው "ባህላችን አያውቀውም" ያሉት ባህል እኮ ስም ሲያወጣ የኖረ ባህል ነው። የቁርባን ሚስት አለች። የሰማንያ ሚስት አለች፤ በዋስና በሽማግሌ ፊት በውል የታሰረች። ከዚያ ዝቅ ሲል በደሞዝ የምትያዝ ሴት ነበረች። ነጋዴው ወይም ዘማቹ ረጅም መንገድ ሲወጣ ደሞዝ ቆርጦላት ቤቱን የምትይዝለት ማለት ነው። ቅምጥ የሚለው ቃልም ከፈረንሳይኛ አልመጣም። ቁርባኑንም ቢሆን ስንቱ አያትና ቅድመ አያት ልጅ ድሮ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ በሽምግልናው ነው የቆረበው። ይሄን የምለው ሁሉም መልካም ነበር ለማለት አይደለም። በደሞዝ የተያዘችው ሴት ዘመቻው ሲያበቃ ምን ይዛ እንደምትሄድ መገመት አያቅትም። የምለው፣ ኑሮው ነበረ። ያልነበረው የሴትየዋ ድርሻ ነው።

በነገራችን ላይ የ1952ቱ ሕግም ኑሮውን ቢያውቀውም የጋራ ንብረት አያስገኝም ብሎ ዘግቶታል። በ1992 የተለወጠው ይሄ ነው። ያ ማሻሻያ ደግሞ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጭምር ተሟግቶበት የመጣ ነው። እነሱ ፈረንጆች አይደሉም።

"ወጣቱን ከጋብቻ ያሸሻል" ወደሚለው እንሂድ። ጸሐፊው በጣም የተማመኑበት ነጥብ ይሄ ይመስለኛል። ሳያገባ ሁሉን ካገኘ ለምን ያገባል ይላሉ። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። እስቲ ገልብጠን እንየው።

አንድ ወንድና አንዲት ሴት አብረው መኖር ጀመሩ እንበል። ለእሱ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣለት። ውሉ በስሙ ነው። ቅድሚያ ክፍያውን ከሷ ዕቁብ አዋጡ። የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ እሱ ይከፍላል፣ አስቤዛውን እሷ ትችላለች። እንዲህ እያሉ ስምንት ዓመት ሆናቸው። አሁን ጸሐፊው እንደሚመኙት አንቀጽ 102 የለም። ሲጣሉ ቤቱ የማነው? ካርታው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነዋ። ሴትየዋ ያዋጣችው ዕቁብ? ደረሰኝ አምጪ ትባላለች። የስምንት ዓመት ሽንኩርትና ዘይትስ? ማን ደረሰኝ ይዞ ሽንኩርት ይገዛል?

እንዲህ ባለ አገር ላይ አለማግባት ያዋጣል። የሚያዋጣው ግን ለአንዱ ብቻ ነው፤ ስሙ ወረቀቱ ላይ ላለው። ያ ሰው ለምን ብሎ ያገባል? ቢያገባ ግማሹ ሊሄድ ነው። ባያገባ ሁሉም የሱ ነው። አንቀጽ 102 ያጠፋው ይሄን ትርፍ ነው። ከጋብቻ መሸሽ ከንብረት ክፍያ ማምለጫ እንዳይሆን ነው ያደረገው። ስለዚህ ጸሐፊው ትዳር እንዲበዛ ከፈለጉ፣ እንዲሰረዝ የጠየቁት አንቀጽ ከእርሳቸው ወገን ነው።

ደግሞ "ሁሉን ካገኘ" ያሉት አያስኬድም። ባለትዳር እርስ በርስ የመተማመን፣ የመረዳዳት ግዴታ በሕግ ተጽፎበታል። ለመለያየት ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። ሳይጋቡ የሚኖሩት ግን አንዳቸው ደስ ባላቸው ቀን ሻንጣ ይዘው መውጣት ይችላሉ። ጋብቻ የተፈረመበት ቀን አለው። እዚህኛው ላይ "ከመቼ ጀምሮ?" የሚለው ጥያቄ ራሱ ሁለት ዓመት ያከራክራል።

ወጣቱ ለምን አያገባም የሚለውን ደግሞ ጸሐፊው የአዲስ አበባን ኪራይ የከፈለ ሰው ቢጠይቁ ጥሩ ነበር። አንድ ክፍል ለሁለት ይሻላል ተብሎ የተጀመረ ኑሮ ስንት ነው። ድግሱስ? አዳራሽ፣ ቬሎ፣ ሚዜ፣ መልስ፣ ቅልቅል። ወረዳ ሄዶ መፈራረም አንድ ጠዋት ነው። ግን "በፊርማ ብቻ" ማግባት ለብዙ ቤተሰብ እንደ ነውር ነው። "ትንሽ እንጠራቀምና" ይባላል። እስኪጠራቀም ልጅ ይመጣል። ልጅ ከመጣ በኋላ ቬሎ መልበስ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። ጠቅልላ ከመግባቷ በፊት አንቀጽ 102ን ያነበበች ሴት እስካሁን አላጋጠመችኝም።

"ቤት ላለው ወጥመድ" የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው አንዲት ሴት ስድስት ወር አብራ ኖራ ግማሽ ቤት እንደምትወስድ ጽፈዋል። ስድስት ወር ሳይሆን ሦስት ዓመት ነው። ያውም አስቀድሞ የነበረው ቤት አይነካም። ከአባት የወረሱት አይነካም። በስጦታ ያገኙት አይነካም። የጋራ የሚሆነው አብረው ሲኖሩ የተፈራው ነው። ለባለትዳርም ሕጉ የሚለው ይሄንኑ ነው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ላይ ነው። በጋብቻ ውስጥ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ የጋራ ተብሎ ይገመታል። ሳይጋቡ ሦስት ዓመት ለሞላቸውም ክርክሩ በዚያው መስመር ይሄዳል። ስለዚህ የቀድሞ ንብረት ያለው ሰው ወረቀቱን ይያዝ። ይሄ ወጥመድ አይባልም።

በሌላ በኩል ሦስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት የተባረረችውስ? ጸሐፊው እሷን አላነሷትም። በቤተሰብ ሕጉ ምንም የላትም። ያዋጣችውን ካስረዳች ያላግባብ መበልጸግ በሚለው የፍትሐ ብሔር ድንጋጌ ትሞክራለች። ለሱ ደግሞ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ወደ ሽንኩርቱ ተመለስን።

አሁን ውሽማ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ ልክ ናቸው።

ሚስት ያለው ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ የሚልበት ቤት አንቀጽ 98 ውስጥ አይገባም። አንቀጽ 99 ለዚህ ነው የተጻፈው። ሁለት ጋብቻ መፈጸምም በቤተሰብ ሕጉ ክልክል ነው፤ በወንጀልም ያስጠይቃል። ስለዚህ "ውሽማ እኩል ሆነች" ማለት ሕጉን አለማንበብ ነው። ግን ሰውየው በእውነት ሁለት ጎጆ ቢኖረውስ? አንዱ መገናኛ፣ አንዱ አዳማ፣ ሁለቱም ጋ ልጅ፣ ሁለቱም ጋ ዕድር። እንዲህ ያለ ፋይል ደርሶኛል። የሁለተኛዋ ቤት የተሠራው ከመጀመሪያዋ የጋራ ሀብት ላይ በተነሳ ገንዘብ ነው። ሁለተኛዋ ደግሞ ሚስት እንዳለው አታውቅም ነበር። ሁለቱም ሴቶች አልቅሰዋል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ይሄ ከባድ ነው፣ አልክድም። ሆኖም የቸገረን የሰውየው ውሸት ነው። አንቀጹ ባይኖርም ቤቱ አዳማ ላይ ቆሟል፤ ሁለተኛዋ ሴት ብቻ ባዶ እጇን ትወጣለች።

ጨምረን እንይ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938 የሰጠው ውሳኔ አለ። ባልና ሚስት በፍርድ ቤት ሳይፋቱ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ ከመሠረቱ፣ ጋብቻው እንደፈረሰ ሊቆጠር ይችላል የሚል ነው። ስለዚህ በወረቀት የታሰረውም ቢሆን ኑሮው ይታያል። ጸሐፊው "ሕግ ወረቀት ነው የሚያየው" ያሉትን እዚህ ጋ ቢያስተካክሉት።

ውርሱን በተመለከተ ደግሞ ጸሐፊው ሳያውቁት ትልቅ ነገር ነክተዋል። ያላገባችውን ሴት ወራሽ ያደርጋታል ያሉት አንቀጽ ማንንም ወራሽ አያደርግም። ከዚህም የሚገርመው፣ ያገባችውም ወራሽ አይደለችም! በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ በመጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው። ልጅ ከሌለ አባትና እናት፤ እነሱ ከሌሉ ወንድምና እህት እያለ ይሄዳል። ሚስት ተራው ውስጥ የለችም፣ ባልም የለም። ሚስት የምትወስደው ከጋራ ሀብቱ የራሷን ግማሽ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያውም የሷ ነው። ይሄን የማያውቁ ስንት ባለትዳሮች አሉ። ጸሐፊው ለትዳር ከተቆረቆሩ ቀጣዩን ጽሑፍ በዚህ ላይ ቢያደርጉት በደስታ አነባለሁ።

የልጆቹን ነገር በአንድ መስመር ነው ያለፉት፤ እኔም በአጭሩ ላልፍ። ዲቃላ የሚለው ስድብ ነው፤ በሕግ ቦታ የለውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ከጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው ይላል። የቤተሰብ ሕጉም እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ የተወለደን ልጅ አባቱ ከእናቱ ጋር የሚኖረው ሰው ነው ብሎ ይነሳል። ይሄ ዕውቅና ቢነሳ እናትየው አባትነትን ከዜሮ ተነስታ ልታስረዳ ነው። ልጁ ምን አጠፋ?

የቀረው ምስክር ነው። እዚህ ጋ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ምስክር ይገዛል። አይቻለሁ። ሟቹን በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ ሰው "በሠርጋቸው ዕለት ጠጅ ጠጥቻለሁ" ብሎ ሲምል ሰምቻለሁ።

ልብ ይበሉ፣ "በሠርጋቸው ዕለት" ነው ያለው። ሐሰተኛ ምስክር የሚነግድበት ትልቁ ገበያ አንቀጽ 98 ላይ ሳይሆን ጋብቻው ራሱ ላይ ነው። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ለሌለው ሰው ሌላ መንገድ ይሰጣል። ሁለቱ ሰዎች ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት የሚቆጥሩ ከሆነ፣ ቤተሰብና ጎረቤትም እንደዚያ የሚያያቸው ከሆነ፣ በምስክር ተረጋግጦ ጋብቻ አለ ተብሎ ይገመታል። ከአንቀጽ 95 እስከ 97 ያለውን ይመልከቱ። ይሄ ደግሞ ለአገራችን የግድ ነው። በባህልም በሃይማኖትም ተጋብቶ ወረቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ ነው። እንግዲህ አንቀጽ 102 ቢሰረዝ ምን ይሆናል? ዛሬ "አልተጋባንም፣ ግን አብረን ኖረናል" ብላ በሐቅ የምትከስ ሴት ነገ መንገድ የላትም። የቀራት "ተጋብተናል" ማለት ነው። ምስክሮቹ ያው ናቸው፣ ጎረቤቱ ያው ነው። እውነት ተናግራ ድርሻዋን የምታገኝበትን በር ዘግተን ወደ ውሸቱ በር እንገፋታለን። ሐሰተኛ ምስክር የጠላ ሰው ይሄን ሊደግፍ አይችልም።

መፍትሔው ያለው ማስረጃው ላይ ነው። ዳኛን የሚያሳምነው ከመሐላው ይልቅ ወረቀቱ እንደሆነ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሁለቱም የፈረሙበት የኪራይ ውል። የዕድር መዝገብ፤ ማን "ባለቤት" ተብሎ እንደተጻፈ። የልጅ የልደት ካርድ። የባንክ ማስገቢያ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ዓረብ አገር የሠሩ ሴቶች ጉዳይ ነው። አራት አምስት ዓመት አብራው ኖራ፣ ቤሩት ወይም ጅዳ ትሄዳለች። በየወሩ ትልካለች። እሱ ቦታ ይገዛል፣ ቤት ይሠራል፣ በስሙ። ስትመለስ "አብረን የት ኖርን? እሷ ዓረብ አገር ነበረች" ይላታል። ብሩ የተላከው ደግሞ በሰው እጅ ነው፤ ወረቀት የለም። ለነዚህ ሴቶች አንቀጽ 102 አነሰ እንጂ አልበዛም።

የመዝገቡ ነገርም አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ሞትን ይመዘግባል። ሳይጋቡ አብሮ መኖር የሚጻፍበት መዝገብ የለም። በዚህ የተነሳ አስራ ሁለት ዓመት ከሴት ጋር የኖረ ሰው ወረዳ ሄዶ "ያላገባ" የሚል ማስረጃ ያወጣል። ውሸት አይደለም፣ አላገባም። ያን ይዞ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። እዚያ የሚጠይቁት ወይ የሚስት ፈቃድ ወይ ያላገባ ማስረጃ ነው። ማስረጃው አለው፤ ቤቱን ይሸጣል። ሴትየዋ የምትሰማው ገዢው በር ሲያንኳኳ ነው። ጸሐፊው ሕጉን ማሻሻል ካማራቸው ብዕራቸውን እዚህ ላይ ያንሱ። ያላገባ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው "ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?" ቢባል፣ አብረው የሚኖሩ ሰዎችም ፈቅደው ቀኑን የሚያስመዘግቡበት አንድ ቅጽ ቢኖር፣ ከምስክሩ ገበያ ብዙው ይዘጋል።

ወሬ ብቻ እንዳይሆን የእናቴን ጎረቤት ልንገራችሁ። እትዬ እንላቸዋለን። እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። ከአንድ ሹፌር ጋር አስራ አንድ ዓመት ኖሩ፤ ልጅ አልወለዱም፣ አልተፈራረሙም። ኮንዶሚኒየሙ በሱ ስም ነበር። እሱ መንገድ ላይ ስለሚውል በየወሩ ባንክ ሄደው የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው፤ ከእንጀራው ብር። ሰውየው ታሞ ሞተ። ሰልስቱ እንኳ ሳይወጣ ወንድሞቹ ካርታውን ጠየቁ። "እርስዎ ማን ኖት?" አሏቸው። ይሄን ሲናገሩ እስካሁን ድምፃቸው ይቆረጣል።

ከሰሱ። የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ ቀረበ። የባንኩ ማስገቢያ ወረቀቶች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተጠቅጥቀው ተገኙ፤ አብዛኞቹ ላይ የእሳቸው ፊርማ ነው። ክርክሩ ሁለት ዓመት ፈጀ። ግማሹ ቤት የእሳቸው ነው ተባለ። ሌላው ግማሽ፣ ወላጆቹ ቀድመው ስለሞቱ፣ ለወንድሞቹ ደረሰ። ለመሸጥ በዋጋ እስካሁን አልተስማሙም። ታናሽየው ሳሎኑ ላይ ፍራሽ አንጥፎ ይኖራል። እንጀራውን ከሳቸው ይገዛል። በዱቤ ግን አይሰጡትም።